ቢጫው ባትሪ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጡን አምና ዲላ ለሥልጠና በሄድን ጊዜ ነው። ሽፋኑ ላይ እናትና ሕፃን ተስለውበታል፤ ውስጡ እስከ ዛሬ ባዶ ነበር። የምጀምረው ትልቅ ነገር ገጥሞኝ አይደለም። ባትሪ መግዛት አለብኝ፤ የትኛውን እንደምገዛ በጽሑፍ ላስብበት ብዬ ነው።

የኪስ ባትሪ። ትንሽ፣ የማትከዳ፣ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ገብታ የምትውል። ስልኬ ግንቦት ላይ ወንዝ ስሻገር ውሃ ገባበትና መብራቱም አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት የአባቴን ባትሪ ነው፤ ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ፣ አምፖሉ ቢጫ የሚያበራ፣ ለኪስ ሳይሆን ለዘበኛ የሚሆን። እዚህ ቡሌ ገጠር ቤት ለቤት ለምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባትሪ የሌሊት ዕቃ ብቻ አይደለም። የአራስ ቤት በቀትርም ጨለማ ነው።

እሁድ የሳሮንና የበፍቃዱ ልጅ ዲላ ሆስፒታል ገባ። በተወለደ በስድስተኛ ቀኑ። መላ ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ፣ ጡት መሳብ አቁሞ። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ ያየሁት እኔ ነኝ። ደህና ነበር። በዚያ ባትሪ ሲታይ ደህና ነበር።

ስለዚህ ባትሪ መቀየር አለብኝ።

ሰኔ 4

ጭጋግ። የጤና ኬላው ሶላር አልሞላም። ክትባት፣ ሠላሳ ሁለት ልጅ። የሥራ ባልደረባዬ ቦንቱ «ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። እንቅልፍ ነው አልኳት። ስለ ልጁ ወሬ የለም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ ማታ

በፍቃዱን መንገድ ላይ አገኘሁት። ለሳሮን ልብስና ስንቅ ሊወስድ ከዲላ መጥቶ ሲመለስ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፤ ፊቱ በአምስት ቀን ውስጥ አርጅቷል። እሱ እኔን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሰማያዊ መብራት ስር አስተኝተውታል» አለኝ። «ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ ራቁቱን። እናቱ እያየች ታለቅሳለች። ብርሃን ነው የሚያድነው ይላሉ፤ ይገርማል።»

መጥባት ጀምሯል ወይ አልኩት። ጀምሯል አለ። ቢጫው እየለቀቀው ነው። ግን ዘግይቷል ብለዋል። ደሙ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ስለነበረ ጭንቅላቱን ነክቶት እንደሆነ፣ ጆሮውን ነክቶት እንደሆነ ገና አይታወቅም። ሦስት ወር ሲጠጋ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ይታያል፤ ያኔ አምጡት ብለዋቸዋል።

«ማን አየው ብለው ጠየቁኝ» አለ። «ዶክተራችን በሦስት ቀኑ ቤት መጥታ አይታዋለች አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ጻፉ።» ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ በዚያ ዝናብ እኛ ቤት ድረስ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ።

ዶክተር አይደለሁም። እዚህ ሁሉም ዶክተር ይሉኛል፤ ማረም ከተውኩ ቆይቷል። እጄን ማስለቀቅ አቅቶኝ ቆምኩ።

ለማንኛውም ነገ ዲላ እወርዳለሁ። ባትሪዋ እንዲህ መሆን አለባት፤ አንደኛ ብርሃኗ እውነተኛ፣ ነጭን ነጭ ቢጫን ቢጫ የምታሳይ። ድንጋይዋ የትም ኪዮስክ የሚገኝ። ዝናብ የማይገባባት። ሁለቱም እጄ ሕፃኑ ላይ ስለሆነ በጥርሴ የምትያዝ። እና ብሪ ብለው ሲጫኗት የምትበራ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ዲላ ደርሶ መልስ። መንገዱ አጥንቴን ለያይቶታል።

ሙሐሲን ዘንድ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ሶኬት የሚሸጠው፣ የአባቴንም ባትሪ የሸጠው እሱ ነው።

«ምን ዓይነት ልስጥሽ?»

«ነጩን ነጭ፣ ቢጫውን ቢጫ የሚያሳይ።»

«ሁሉም ያሳያል።»

«አያሳይም» አልኩና ከቦርሳዬ ሁለት ክር አወጣሁ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቅቤ የመሰለ ቢጫ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ እንዲዘጋልኝ ለመንኩት። የአባቴን ባትሪ ሳበራ ሁለቱም ክር አንድ ሆነ። ከሱቁ ባትሪዎች አንዱ ሁለቱንም ሰማያዊ አደረጋቸው፤ ሌላው ቢጫውን አመድ አስመሰለው። አንዱን ሳነሳ ሌላውን ስጥል ግማሽ ሰዓት ሄደ። ገዢዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ጀመር።

«እህቴ፣ ባትሪ ነው የምትገዢው ወይስ ባል የምትመርጪው?» አለ ሙሐሲን።

ሰዉ ሳቀ። «ባል ቢሆን እስካሁን አንዱን ይዤ ሄጄ ነበር» አልኩት። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

ሁለት ባትሪ ሞክሬ እንድመልስ ሰጠኝ። አንዷ የቁልፍ መያዣ የምትሆን፣ አንዷ ሶኬት ላይ ተሰክታ የምትሞላ።

ሆስፒታሉ ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ግን ጃንጥላ አልያዝኩም፣ ዝናቡ ከብዶ ነበር፣ መኪናውም ሊያመልጠኝ ነው። ለሳሮን ብዬ ብርቱካን ገዝቼ ነበር። ማታ ከቦንቱ ጋር በላነው።

ሰኔ 9

የቁልፍ መያዣዋን ባትሪ ቦንቱ ፊት ላይ አበራሁ። ሬሳ አስመሰለቻት። እንዲህ ባለ ብርሃን ቢጫ ልጅ ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ ትመለስ።

የምትሰካዋ ብርሃኗ ይሻላል። ግን የት ልሰካት? ሶላሩ ለክትባት ማቀዝቀዣው እንኳ አልበቃም። ማብሪያዋም ወደ ጎን የሚንሸራተት ስለሆነ ኪሴ ውስጥ ራሷን አብርታ ቤት ሳልደርስ አለቀች። ትመለስ።

ግንባር ላይ የሚታሰረው አለኝ ብሎኝ ነበር ሙሐሲን። ሕፃናት ይፈሩታል። አዋቂም ይፈራዋል።

ቦንቱ «አንድ ባትሪ ይህን ያህል?» አለች። አብረን ስንሠራና አንድ ክፍል ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው። ብርድ ልብሷን ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አለቃችን ሲስተር አትጠገብ ለክትትል መጣች። ከጤና ጣቢያ በእግሯ፣ በቦት ጫማ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። ማስታወሻ ሳትይዝ ሁሉን የምታስታውስ ሴት ናት።

የሳሮንን ልጅ ቅጽ አወጣች። በሦስተኛው ቀን ጉብኝት፣ ሙቀት፣ እትብት፣ መጥባት፣ ሁሉም ላይ ምልክት አለ። ቢጫነት የሚለው ላይ «የለም» ብዬ ምልክት አድርጌአለሁ። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

የባትሪውን ነገር ነገርኳት። ሳይንሱንም ጭምር፤ ቢጫ ብርሃን ቢጫን እንደሚደብቅ። የጻፍኩትን ማመልከቻ ሰጠኋት፤ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ ደረጃውን የጠበቀ የኪስ ባትሪ እንዲቀርብ የሚል፣ አንድ ገጽ ተኩል። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«እሺ፣ አቀርበዋለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር «ሄርሜላ፣ ቤቱ በር የለውም?» አለችኝ።

ምን ማለቷ ነው? እሷ ቢሮ ተቀምጣ አራስ በር ላይ አምጡ ማለት ቀላል ነው። የሰው ቤት ገብታ፣ የሰው አማት ፊት ቁጭ ብላ ትበለው። አምስት ዓመት እዚህ ጭቃ ውስጥ የቆየሁት እኔ ነኝ። ልታመሰግነኝ ይገባ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሄዳ መጥታ ቤቱ በር የለውም ወይ!

ሰኔ 13

ልጁ ቤቱ ገባ። ድኗል ይላሉ። ጮክ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ።

ነገ እሄዳለሁ።

ሰኔ 14

ዝናብ።

ሰኔ 16

ወደ ላይኛው መንደር። ሁለት እርጉዝ። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ገና አልሄድኩም። በጨለማ ቤት በማይረባ ባትሪ ሄጄ ምን አያለሁ? ትክክለኛዋ ስትገኝ እሄዳለሁ፤ ይህ ምክንያት እንጂ ሰበብ አይደለም።

ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። የእንሰት ሥር ይዘው ዋጋ ይከራከሩ ነበር፤ እኔ ከኋላቸው ነኝ፣ አላዩኝም። «የበፍቃዱ ልጅ ተረፈ ግን ይሰማል አይሰማም አይታወቅም አሉ» አለች አንዷ። «አያቱ ብትዘፍንለትም አይዞርም።» ሌላዋ «የአንድ ወር ልጅ ምኑን ይዞራል፤ ቆይ እንጂ» አለች።

እውነቷን ነው። የአንድ ወር ልጅ አይዞርም። ይህን እያልኩ ቤት ደረስኩ፤ የገዛሁትን ጨው መደቡ ላይ ትቼው መጥቻለሁ።

ሐምሌ 2

አገኘኋት።

ሁለቱን ለመመለስ ዲላ ወርጄ ነበር። ሙሐሲን ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ጥቁር ባትሪ አወጣ፤ የጣት ቁመት ያላት፣ ቆርቆሮ ሳትሆን አሉሚኒየም። አንዲት ቀጭን ድንጋይ ብቻ ነው የምትወስደው፣ ለግድግዳ ሰዓት የሚሆነውን ዓይነት። ማብሪያዋ ቂጧ ላይ ነው። ክሮቹን ዘረጋሁ፣ በሩን ገርበብ አደረገ፣ አበራሁ። ነጩ ነጭ ነው፣ ቢጫው ቢጫ ነው።

«አንድ ጉድለት አላት» አለ ሙሐሲን። «ስትጫኚያት ትጮሃለች።»

እውነት ነው። ቀጭ ትላለች፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያህል። የተኛ ሕፃን ትቀሰቅሳለች ብዬ ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ከወገቤ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጣልኳት፤ በራች። ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተትኳት፤ በራች። ሙሐሲን ሚስቱን ጠርቶ «ነይ እዪ፣ ባትሪ የምትገርፍ ሴት» አላት።

ውድ ናት። ግን ከጫማዬ በፊት እሷ።

ሐምሌ 4

ቦንቱ፦ «ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ። ጅብ መጣ ወይስ ምን ልታይ ነው?»

ምንም። እየሠራች መሆኗን ማረጋገጥ ነው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

የክትባት ቀን። የሳሮን ልጅ አርባ አምስት ቀኑ ስለሆነ እንደሚመጡ መዝገቡ ላይ አይቼ ነበር። ጠዋት የምንጩን ውሃ ማየት አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ምንጩ እንደነበረ ነው፤ ማንም እዪው አላለኝም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ውሃው ሲወርድ ሳይ ዋልኩ።

ስመለስ ቦንቱ መርፌ ሳጥኑን ትዘጋለች።

«መጥተው ነበር» አለች።

«እነማን?»

«እነማን እንደሆኑ ታውቃለሽ።» ዕቃዋን ሰብስባ ጨረሰች። «እናትየዋ ዶክተር የት ሄደች አለችኝ። ውሃ ልታይ አልኳት። ውሃውስ ደህና ነው?»

«ልጁ እንዴት ነው?»

«ወፍሯል። መርፌ ስወጋው አለቀሰ። ጆሮውን እኔ አላየሁትም፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው።» በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ሄርሜላ፣ አዲሷን ባትሪ ገዛሽ አይደል? እና አሁን ምን ቀረ?»



ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ፣ ሌሊት

ቦንቱ ተኝታለች። ባትሪዋን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤ ነው የምጽፈው። እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ ያልጻፍኩትን እጽፋለሁ፤ ካልሆነ ደብተሩም እንደ ቅጹ ነው።

ግንቦት 28። እነ ሳሮን ቤት ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፀሐይ ወጥታ እንሰቱ ሁሉ ያበራ ነበር። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ብርሃን በክረምት አይገኝም። ቤቱ የቀርከሃ ነው፣ መስኮት የለውም። አራስ ስላለች በሩን ዘግተዋል፤ የበፍቃዱ እናት «በሰው ዓይን አናምንም፣ እኛ የጌታ ነን፤ ብርዱን ፈርተን ነው እንጂ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። ከመኝታው እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ዛሬ ድረስ እቆጥረዋለሁ፤ ሦስት ነው።

ልጁን ገልጬ በአባቴ ባትሪ አየሁት። ግንባሩን በጣቴ ተጫንኩ። ሁሉም ነገር ቢጫ ነው፤ ልጁም፣ ጨርቁም፣ ጣቴም። የተማርነውን አልረሳሁም፤ ቢጫነት በቀን ብርሃን ነው የሚታየው። ልጁን ወደ በር እንውሰደው ልል አፌን ከፈትኩ። የበፍቃዱ እናት ቆጮ በጎመንና በቅቤ አድርገው አጎረሱኝ። አፌን የከፈትኩት ለዚያ መሰላቸው። ዋጥኩ። ደገሙኝ። የአክብሮት ጉርሻ ነው፤ እኔን እንደ ልጃቸው አድርገው ነው። ከሁለተኛው በኋላ መናገር ከብዶኝ ተውኩት። ሰው እንዲህ አክብሮሽ በሩን ክፈቱ፣ ልማዳችሁን ተዉ ማለት ጥጋብ መሰለኝ።

ሳሮን ቀስ ብላ፣ አማቷ ሳይሰሙ፣ «ዶክተር፣ ዓይኑ ቢጫ አልሆነም?» አለችኝ።

«የባትሪው ነው» አልኳት።

ይህ ብቻ ቢሆን። መዳፌን ዘርግቼ አበራሁበት። «አየሽ፣ የኔም እጅ ቢጫ ነው» አልኳት። ሳሮን ሳቀች። ልቧ ዐርፎ ሳቀች። ሃያ ዓመት ያልሞላት የመጀመሪያ ልጅ እናት ቢጫውን በጨለማ ውስጥ ለይታ አይታ ነበር፤ እኔ በገዛ እጄ አሳመንኳት። እሷን ብቻ ሳይሆን ራሴንም። ሦስት ቀን ቤት አስቀመጡት፤ ዶክተር ደህና ነው ብላለችና።

ባትሪው አይደለም። ባትሪው ቢጫ እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ሲስተር አትጠገብ በዚያ ቀን የጠየቀችኝን አሁን ነው የሰማሁት።

ሐምሌ 16

ዓይኔ አብጧል። ሥራ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ወንዙ ማዶ አዲስ አራስ። ሴት ልጅ፣ ሦስት ቀኗ። ቤቱ ጨለማ፣ አያትየዋ ኮስታራ። ባትሪዋን ከኪሴ አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኳት።

«ልጅቷን በር ላይ አምጡልኝ» አልኩ።

አይሆንም አሉ አያት። ብርድ አሉ። ባትሪ ይዘህ የለም እንዴ አሉኝ፤ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል። ይዣለሁ፣ ግን ባትሪ ይዋሻል አልኳቸው። ሻይ አቀረቡ። ልጅቷን ካየሁ በኋላ እጠጣለሁ አልኩ። ሰው ሲቀየመኝ አልወድም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እማማ አኩርፈው ዞሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናትየዋ ራሷ ተነሥታ፣ ልጅቷን በቡሉቆ ጠቅልላ፣ ሦስት አራት እርምጃ መጣች።

ደህና ናት። በቀን ብርሃን ደህና ናት።

ሻዩ በርዶ ነበር፤ ጠጣሁት።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ነገ እሄዳለሁ ብዬ አልጽፍም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ ማታ

ሄድኩ።

ሳሮን ደጅ ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ስታየኝ ተነሣች፤ ወደ ውስጥ አስገብታ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠችኝ። «ጠፋሽ» አለች። ወቀሳ ይሁን ናፍቆት አልለየሁትም። ልጁ ውስጥ፣ አያቱ ጭን ላይ ነበር። የበፍቃዱ እናት ብድግ ሊሉ ሲሉ አስቀመጥኳቸው። ወዲያው ወደ ማጀት አዩ፤ ሊያበሉኝ ነው።

«እማማ፣ ዛሬ ከመብላቴ በፊት የምናገረው አለኝ» አልኩ።

በጌዴኦኛ ነው የነገርኳቸው። ዲላ ያደግኩ ስለሆንኩ ጌዴኦኛዬ የከተማ ነው፤ ግን ይህን ነገር በሌላ ቋንቋ መናገር መሸሽ መሰለኝ። ያን ቀን ጠርጥሬ እንደነበር ነገርኳቸው። ወደ በር አምጡት ማለት ፈርቼ እንደተውኩት። እጄን ያሳየሁት ሳሮንን ዝም ለማሰኘት እንደሆነ። ቅጹ ላይ «የለም» ብዬ እንደጻፍኩና ይህንንም ለአለቃዬ እንደምነግራት። የባትሪው ጥፋት እንዳልሆነ። ማንም አላገዘኝም፣ ራሴ ጨረስኩት።

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ የበፍቃዱ እናት።

ሳሮን ግን ቀና ብላ አየችኝ። «ቢጫ መሆኑን አውቄ ነበር» አለች። «ሌሊት በኩራዝም አየዋለሁ፣ ቢጫ ነው። እጅሽን ስታሳዪኝ ግን አመንኩሽ። ላምንሽ ፈልጌ ነበር።» ቀጥላም «ዳግመኛ እንዲህ እንዳታደርጊ። ለኔ ብቻ አይደለም፣ ለማንም» አለች።

እሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ እሷው ልጁን ከአያቱ ተቀብላ፣ ሳልጠይቃት፣ በሩ ላይ ወስዳ ተቀመጠች። ቀኑ ዳመና ቢሆንም ብርሃን ነበረው። ዓይኑን ገልጬ አየሁ፤ ነጭ ነው። ድዱ፣ መዳፉ፣ ውስጥ እግሩ፣ ሁሉም እንደ ጤነኛ ልጅ ነው። አስር ሳምንት ሆኖታል። ፊቴን አይቶ ፈገግ አለ፤ ይህን ልጅ ስንት ሳምንት ስሸሸው ኖሬአለሁ።

«ይሰማል?» አልኳት።

ሳሮን ጡቷን አጎረሰችው፤ መጥባት ጀመረ። ከዚያ ቀስ ብላ «አልሞከርኩም» አለች። «አማቴ ይዘፍናሉ፤ ያኔ ወጥቼ እሄዳለሁ። ካልዞረስ ብዬ። ባሏንና አማቷን የምታስተዳድር ሴት ማጨብጨብ ፈራች፤ ሳቂብኝ።»

አልሳቅኩም። እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። በተማርነው መሠረት ከኋላው፣ ከዓይኑ ውጭ መሆን አለበት። ከሳሮን ጀርባ ዞሬ ቆምኩ፤ ባትሪዋን ከቀኝ ጆሮው በስተኋላ ያዝኳት፣ ብርሃኗ እንዳይታየው መስተዋቷን በመዳፌ ሸፍኜ። ተጫንኳት።

ቀጭ።

መጥባቱን አቆመ።

የልጁ ዓይን ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ጡቱን ከአፉ አውጥቶ ቀስ እያለ ወደ እኔ፣ ወደ ቀኝ። የት ነው የሚል ይመስል። እናቱ ላይ ወተት እያንጠባጠበ።

«ድገሚው» አለች ሳሮን።

በግራ በኩል ደገምኩት። ቀጭ። ጊዜ ወሰደበት፤ ዞረ። የበፍቃዱ እናት ከውስጥ ምን ሆነ ብለው መጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጫን ስል ሳሮን እጇን ዘርግታ ባትሪዋን ወሰደችብኝ። ቀጭ አደረገች፣ አየችው። ቀጭ አደረገች፣ አየችው። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ነው፤ ልጁ ግን መጨረሻ ላይ ሰልችቶት ወደ ጡቱ ተመለሰ። አያቱም ተራ ጠየቁ።

ይህ የሆስፒታሉን ምርመራ አይተካም፤ በሦስት ወሩ ይዘውት ይውረዱ፣ እኔም አብሬአቸው እወርዳለሁ ብያለሁ። ብርቱካንም እገዛለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም ሳሮን። እኔም አልጠየቅኳትም። ስወጣ ግን እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

ባትሪዋን ስትመልስልኝ ብርሃኗ ደክሞ ነበር። ነገ ድንጋይ መግዛት አለብኝ።